የድልድዩ ስሚንቶ

ዓመተ ምህረቱን ብትጠይቁኝ በትክክል አላስታውሰውም። ከቀይ ሽብሩ በኋላ መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ወንዙ ዳር ሬሳ መጣል ቀርቶ ነበርና። ልጄ ሁለተኛ ክፍል የገባችበት መስከረም ነው። ሚስቴ በሕይወት ብትኖር በልጃችን ዕድሜ ቆጥራ ትነግራችሁ ነበር፤ እኔ የማስታውሰው ጭቃው ገና አለመድረቁን ብቻ ነው።

የምንኖረው ጌጃ ሰፈር ነው። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ ወደ ልደታ ማርያም በኩል ነበር። ወንዙ መሻገሪያ ስለሌለው ልጆቹ ዞረው በአስፋልቱ ይሄዳሉ። አስፋልቱ ደግሞ ለእግረኛ ቦታ የለውም። በአንድ ወገን ቦይ ነው፣ በአንድ ወገን የቆርቆሮ አጥር፤ መሃሉን የወታደር ካሚዮን ይከንፍበታል። እነዚያ ካሚዮኖች ለማንም አይቆሙም።

ቤታችን አጠገብ አንዲት ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ያለችው አንዲት ሴት ልጅ። የእሷ ልጅና የእኔ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። አንድ ጠዋት ካሚዮን መጣና የእሷን ወሰዳት፣ የእኔን ተወልኝ። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ልጄ እጇን እንደዘረጋች ቆማለች። የጓደኛዋ አንድ እግር ጫማ አጠገቧ ወድቋል። ጎማው ደሙን ይዞት ሄዶ አስፋልቱ ላይ እስከ ኩርባው ድረስ መስመር ሠርቷል። የሕፃኗን ነገር አልጽፈውም። በጋቢዬ ሰብስቤ ለእናቷ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ይሄ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። አንድ ቀን በግድ ስጎትታት እጄን እስኪደማ ነከሰችኝ።

ያን ጊዜ ትርፍ ቤት ተወርሶ ኪራይ የምንከፍለው ለቀበሌ ነበር። ገንዘቡ ለሰፈሩ ልማት ይውላል ይባላል። ከቀብሩ በኋላ ስብሰባ ላይ እናቶች ተነሱና፣ ከዚያው ከኪራዩ ለልጆቹ ድልድይ ይሠራልን አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን እንቢ አላለም። እጅ ወጣ፣ ጸደቀ። ድንጋዩም ስሚንቶውም መጣ። ግንበኛ ስለሆንኩ ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

መሠረቱን ቆፍሬ ሳልጨርስ ትእዛዙ ተለወጠ። የቀበሌው እስር ቤት ጠቧል፣ አንድ ክፍል ይጨመርበት፣ ድልድዩ ይቆይ ተባለ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ለምን የሚል ሰው የሚገባበትን ቤት እኮ ነው ሥራ የተባልኩት።

እንግዲህ ግንበኛ የሚያውቀው ነገር አለ። ጣራ ያለው ግድግዳ በጭቃም ቢገነባ ዕድሜ ልክ ይቆማል። ወንዝ ውስጥ የሚቆም ድንጋይ ግን ስሚንቶ ካላገኘ የሐምሌ ጎርፍ ጠርጎት ይሄዳል። ስለዚህ የእስር ቤቱን ግድግዳ ውስጥ ውስጡን በጭቃ ገነባሁና፣ ከፊት የሚታየውን መጋጠሚያ ብቻ በስሚንቶ ሞላሁት። የተረፈውን ለድልድዩ አደረግሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ትራፊ ነው፣ ተፈቅዷል አልኩ። ሰፈርተኛው እሁድ እሁድ እየወጣ ድንጋይ አቀበለኝ። ቅቤ ነጋዴዋ ውሃ በእንስራ ታመላልሳለች። ሁለቱ የድንጋይ እግሮች ቆሙ፤ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ረበረብንባቸው። ልጄ እጄን ይዛ ተሻገረች። ማዶ ስትደርስ እጄን ለቀቀችና ብቻዋን ተመለሰች። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄደች።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። እኔን ግን ሰረቅህ ሰረቅህ የሚል ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ሰኞ ሰኞ የውይይት ክበብ አለ፤ መቅረት አይቻልም። አንድ ካድሬ መጥቶ ዛሬ ሂስና ግለ ሂስ ነው፣ ሁሉም ጥፋቱን በራሱ አፍ ያውጣ፣ ያወጣ ይታረማል አለን። እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጥፋትህን አውጣ ሲሉኝ የማውቀው ኑዛዜን ነው። ለንስሐ አባትህ ትናገራለህ፣ ቀኖና ይሰጡሃል፣ ትጾማለህ፣ ትሰግዳለህ፣ አለቀ። ነገሩም ከእሳቸው ጆሮ አይወጣም። ሌላው ሰው ብልህ ነው። አንዱ ስብሰባ አርፍጃለሁ አለ፤ አንዷ ንባብ ሲነበብ አንቀላፍቻለሁ አለች። ተራዬ ሲደርስ ጋቢዬን አደግድጌ ቆምኩና የስሚንቶውን ነገር ከሥር መሠረቱ ተናገርኩ። የትኛው ግድግዳ እስከ የት ጭቃ እንደሆነ እንኳን አላስቀረሁም። ከዚያ ቀኖናዬን ጠበቅሁ። ከኋላዬ ቅቤ ነጋዴዋ፣ "ኧረ አንተ ሰው ዝም በል" ስትል ሰማኋት። ረፍዷል።

አሻጥረኛ ተባልኩ። ወፌ ላላን ያላየ ሰው ካለ ልንገረው። እጅና እግር አንድ ላይ ይታሰርና በጉልበት ሥር ዱላ ያልፋል፤ ሰው ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ውስጥ እግሩ ወደ ላይ ይሆናል። ከዚያ መግረፍ ነው። የገረፈኝ የአብዮት ጥበቃ በሙያው አናጺ ነበር፤ ስንት ጣራ አብረን መትተናል። ቁጠር ይለኛል። ቆጠርኩለት። ስሳሳት እንደገና ከአንድ ያስጀምረኛል። የእግሬ ቆዳ ተነሳ፣ ሁለት ጥፍሬ ወለቀ፣ የነከስኩት ከንፈሬ ደማ። ሲደክመው እየጎተተ እዚያው የሠራሁት ክፍል ወረወረኝ። ግድግዳው ገና አልደረቀም፤ ጀርባ ያቀዘቅዛል። ከእስረኞቹ አንዱ በጨለማው፣ "ግንበኛው፣ መስኮት ረሳህብን እኮ" አለኝ። እግሬ እንደዚያ ሆኖ ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አወጡኝ። ድልድዩን ሕዝብ እያየ በገዛ እጅህ ታፈርሳለህ አሉኝ። መቆም ስላልቻልኩ መዶሻውን እየጎተትኩ በጉልበቴ ዳህኩ፤ ሊቀመንበሩና አናጺው ከኋላዬ ናቸው። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቅቤ ነጋዴዋ ግንዱ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች።

አናጺው መጀመሪያ በደህና ቃል፣ እትዬ ተነሺ፣ አታስቸግሪኝ አላት። እሷ ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

"የእኔን ልጅ አስፋልቱ ወስዷታል። ይሄን ስታፈርሱ ቀጣይዋ የማን ልጅ ናት? ስሟን ንገረኝና ልነሳ።"

በጠመንጃው ሰደፍ አፏን መታት። ጥርሷ ሲሰበር እኔ ያለሁበት ተሰማ። ደሙን ከጥርሷ ጋር እጇ ላይ ተፋችው፣ አየችው፣ ወንዙ ውስጥ ጣለችው። "ስሟን" አለች ደግማ። እንደገና መታት፤ በጎኗ ወደቀች፤ ግንዱን ግን በሁለት እጇ አቅፋ ያዘች።

ይሄኔ ተማሪዎች ተለቀው ማዶ መጥተው ቆሙ። ልጄም አለች፤ እግሬን አየችው። ሊቀመንበሩ ልጆቹን በአስፋልቱ ዙሩ ብሎ ጮኸባቸው፤ የተንቀሳቀሰ የለም። ወደ እኔ ዞሮ፣ "ምታ" አለኝ።

"እጄ አይነሳልኝም፣ ጓድ ሊቀመንበር" አልኩና መዶሻውን ወንዙ ውስጥ ለቀቅሁት።

ጀርባዬን በሰደፍ ደበደቡኝ፤ የጎድን አጥንቴ ያን ቀን ነው የተሰበረው። ነገር ግን በሁለቱም ዳር ሰው ሞልቶ ነበር። ቅቤ ነጋዴዋን ሳይገድሉ ግንዱን ማንሳት አይቻልም፤ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት መግደሉ ደግሞ ሊቀመንበሩን የከበደው መሰለኝ። ሌላ ቀን ይፈርሳል ብሎ ሄደ። እኔን ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

ሌላ ቀን አልመጣም። በዓመቱ የአብዮቱ በዓል ሲደርስ ከበላይ ልማት አሳዩ ተብለው፣ ድልድዩን ቀይ ቀለም ቀብተው መረቁት። ከኪራይ ገንዘብ ለሕፃናት ደህንነት የተሠራ ተብሎ ተነበበ አሉ። ውሸት ነው አልልም፤ ስሚንቶው እኮ ከዚያው ነው የመጣው። የተመረቀ ድልድይ የሠራ ሰው አሻጥረኛ ነው ማለት ሳያስቸግራቸው አልቀረም፤ ለቀቁኝ።

እግሬ ግን አልሄድ አለ። ቅቤ ነጋዴዋ በየጠዋቱ ከገበያዋ በፊት ትመጣለች። ቅቤ አቅልጣ ውስጥ እግሬን ታሽልኛለች፤ ከዚያ ትከሻዋን አስይዛ እስከ ወንዙ ታደርሰኛለች። መጀመሪያ እስከ በሩ ነበር፣ ቀጥሎ እስከ አጥሩ፣ ገና በኋላ ነው ወንዙ። እዚያ ቆመን ልጆቹ ሲሻገሩ እናያለን። እሷ ሁሉም ማዶ እስኪደርሱ ዓይኗን አትነቅልም። ልጄ ትምህርቷን እስክትጨርስ በዚያ ተመላለሰች፤ አስፋልቱን አልረገጠችም። ያን ዘመን ያሻገረኝ ሰው ማን ነው ብትሉኝ፣ እሷ ናት፣ ጎረቤቴ ቅቤ ነጋዴዋ።