በር ላይ የታሰበው እርቅ

ልጅ እያለሁ ሰው ከመሸኘት የበለጠ የምጠላው ነገር አልነበረም። ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ አብረውኝ ያደጉ እኩዮቼ ይህን ሲያነቡ ራሳቸውን እንደሚነቀንቁ አውቃለሁ። አንድ ሰው ወደ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነ ቅዳሜያችን ተበላ ማለት ነበር። ካርቱን የለ፣ ብስክሌት የለ። አምስት ስድስት መኪና ተከታትሎ ወደ አየር ማረፊያው ይነዳል። መኪናው ውስጥ የእናቶች ሽቶ፣ ለመንገደኛው የተጋገረው ድፎ ዳቦና እስከ መጨረሻው የተከፈተው ማሞቂያ ተቀላቅለው ያጥወለውሉኛል። እዚያ ስንደርስ ደግሞ መሳሳም ይጀመራል። ቤት ተሳስመን ነበር፤ ፓርኪንጉ ላይ እንደገና፤ ሻንጣ ማስረከቢያው ጋ እንደገና። መንገደኛው የሚቆየው ሦስት ሳምንት ነው። ሰው ለሦስት ሳምንት ስንቴ ነው የሚሳመው?

ያን ጊዜ ሸኚ እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ ይገባ ነበር። ትኬት የሌለን ሃያ ሰዎች ትኬት ያላትን አንዲት ሴት አጅበን፣ ፍተሻውን አልፈን፣ ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር ተጭነን፣ በሩ ፊት ያሉትን ወንበሮች በሙሉ እንይዛለን። መንገደኛዋ ገብታ በሩ ከተዘጋ በኋላም ወደ ቤት የለም። የሽኝቱ ሁሉ አዛዥ ጋሽ ኪዳኔ ነበሩ። ምጽዋ ተወልደው አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ዳውንታውን፣ መሃል ከተማው ላይ፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠሩ፣ የተጣላ ሁሉ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። በልጅነታቸው ወደብ ላይ መርከብ ሲሸኙ ስላደጉ፣ መርከቡ ከዓይን ሳይጠፋ ጀርባ ማዞር ነውር ነው ይሉን ነበር። በእሳቸው ሕግ የተነሳ፣ ባሕር በሌለበት ዴንቨር፣ አፍንጫችንን ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ለጥፈን አውሮፕላኑ ነጥብ እስኪሆን እንጠብቃለን። መርከብ እንኳ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ እሺ። አውሮፕላን ግን ከመነሳቱ በፊት አርባ ደቂቃ መሬት ላይ ይገተራል። እኛም አብረነው እንገተራለን።

ከሁሉም ያስመረረኝ ግን የአያቴ ሽኝት ነው። የአባቴ አባት ናቸው፤ አባባ እላቸዋለሁ። እኛ ጋ አራት ዓመት ኖሩ። በአራተኛው በጋ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን ሣር ቆፍረው ጎመን ተከሉ። ያምር ነበር፤ ጠዋት ውሃ ሲያጠጡት የእርጥብ አፈሩ ሽታ በመስኮት እስከ አልጋዬ ይመጣል። ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሣሩ ይመለስ የሚል ደብዳቤ መጣ። ማኅበሩ ሁለተኛም ጻፈ። አባቴ አባቱን ቁጭ አድርጎ እንደማስረዳት፣ አንድ እሁድ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን እያሉ ጎመኑን ነቃቅሎ አዲስ ሣር አነጠፈበት። አባባ ተመልሰው ሣሩ ላይ ቆሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአባቴ ጋር መነጋገር አቆሙ።

ሦስት ወር ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ እየበሉ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። «አባትሽን ቴሌቪዥኑን ቀንስ በይው።» «አባባን መድኃኒት ወስደዋል ወይ በያቸው።» ሁለቱም እየሰሙ! አሥር ዓመቴ ነው፣ የሂሳብ የቤት ሥራዬ ፊቴ ተዘርግቷል፣ እኔ ግን እንደ ስልክ ሽቦ ከዚህ ወዲያ ከዚያ ወዲህ። በመጨረሻ አባባ በእኔ በኩል ጠቅልዬ አገሬ ልግባ አሉ። አባቴም በእኔ በኩል ትኬቱ ተቆርጧል አለ።

እናቴ ጋሽ ኪዳኔ ፊት አለቀሰች። አባባ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ከሄዱ አይመለሱም። ባሏ የአባቱን ቅያሜ ተሸክሞ ሊቀር ነው። ጋሽ ኪዳኔ ሁለት ጊዜ ሊያስታርቁ ቤታችን መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ አባባ ብድግ ብለው መኝታ ቤታቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ስለዚህ ጋሽ ኪዳኔ አንድ መላ ዘየዱ፦ እርቁ አውሮፕላኑ በር ላይ ይሁን። እዚያ ተነስተው የሚገቡበት መኝታ ቤት የለም። አባቴ ጉልበት ስሞ ይቅርታ ይጠይቃል፣ አባባ ይመርቃሉ፣ ያበቃል። አባቴም እያጉረመረመ እሺ አለ። እናቴ ግን ኒው ዮርክ ላይ እነዚያ ፎቆች በአውሮፕላን ከተመቱ ወዲህ ትኬት የሌለው ሰው አይገባም ሲባል ሰምቻለሁ አለች።

«ልጄ፣ እነሱም ሰዎች ናቸው አይደል?» አሏት ጋሽ ኪዳኔ። «እናስረዳቸዋለን።»

ኅዳር ነበር። ነጭ ድንኳን በሚመስለው የአየር ማረፊያው ጣራ ሥር ባለው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ መሣሪያ ያነገቱ ወታደሮች ቆመዋል። ፍተሻው ጋ ደርሰን ጋሽ ኪዳኔ ማስረዳት ጀመሩ። የአባትና የልጅን ነገር፣ የጎመኑን ነገር፣ ሁሉንም። ጠባቂዋ ሃያውን ሰው አሻግራ አይታ ትኬት ትኬት ብቻ አለች። ለእርቁ ተብሎ የተያዘው ስንብት ሁሉ፣ ቤት ሳንሰናበት ለበሩ ያቆየነው ሁሉ፣ እዚያው የፍተሻው ገመድ አጠገብ ቀረ። ጋሽ ኪዳኔ እጅ አልሰጡም። ወደ ትኬት መስኮቱ ተመልሰው፣ አዛውንቱ እንግሊዝኛ አይችሉም ብለው፣ ለአንድ አጃቢ ብቻ የሚሆን መግቢያ ወረቀት ይዘው ብቅ አሉ። ደስ አለን። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን የራሳቸው ስም ነበር! መታወቂያ ሲጠየቁ የራሳቸውን አውጥተው ሰጥተዋል።

«ምነው ጋሼ፣ ልጃቸው አይሻልም ነበር?» አለች እናቴ፣ ጥርሷን ነክሳ።

«እሱ ገብቶ ምን ሊል? ሁለቱም አይነጋገሩ። ሽማግሌው እኔ አይደለሁም?»

እንዲህ ሆነና ከተጣሉት አንዱ ከሽማግሌው ጋር ገባ፣ ሌላኛው ከእኛ ጋር ውጭ ቀረ። አባባ ዘወር ሳይሉ ሄዱ። አባቴ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እጁን ከትቶ ጣራ ጣራውን ያያል። ያን ዕለት ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ከነሽምግልናቸው ገደል ቢገቡ ግድ አልነበረኝም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የአባቴ ሞባይል ጮኸ። ጋሽ ኪዳኔ ናቸው፤ ድምፃቸው እኛም ጋ ይሰማል። መንገደኛ መግባት ጀምሯል። አባትህ ፈቃዳቸው ነው፣ ነገር ግን ጉልበቴን ሳይስም አይሆንም ብለዋል። ስለዚህ ባለህበት ተንበርከክ፣ እንደሳምካቸው ይቆጠርልሃል።

«እዚህ?» አለ አባቴ። ወታደሮቹን አየ። ሻንጣ የሚጎትተውን ሕዝብ አየ። «ጋሼ፣ ማን ፊት ነው የምንበረከከው?»

እናቴ ክንዱን ይዛ ለመነችው። ፍንክች አላለም። ወዲያ ማዶ መነጋገር ተሰማና ስልኩ ለእኔ ይሰጥ ተባለ። አባባ ናቸው። በልጃቸውም በሽማግሌውም ቃል አላመኑም፤ እንደ ሦስት ወሩ ሁሉ እኔን ፈለጉ።

«ተንበርክኳል?» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። እንደ ምሰሶ ቆሟል። ከአባባ ጀርባ የመጨረሻው ጥሪ ይሰማል። በጎነት መስሎኝ ያደረግኩት አይምሰላችሁ። በቃ ሰልችቶኝ ነበር። በእነሱም፣ በሽኝቱም፣ በመላላኩም አንገቴ ድረስ ሞልቶኝ ነበር፤ እግሬ ደክሟል፣ ቤቴ መግባት እፈልጋለሁ።

«አዎ አባባ» አልኩ። «ተንበርክኳል።»

የመለሱልኝ በሌላ ድምፅ ነበር፤ ከጎመኑ በፊት በነበረው ድምፃቸው።

«ይቅር ብዬዋለሁ። ተነስ በይው፣ ወለሉ ይበርደዋል።»

ስልኩ ተቋረጠ። እኔም እንደለመድኩት መልእክቱን አደረስኩ። «ይቅር ብዬዋለሁ ብለዋል። ተነስ ብለውሃል፤ ወለሉ ይበርድሃል።»

አባቴ መጀመሪያ አልገባውም። እኔን አየ፣ እናቴን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። ከዚያ ገባው። እዚያው አዳራሹ መሃል፣ ሰው በግራና በቀኝ ሻንጣ እየጎተተ ሲያልፍ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቴ አላነሳችውም። አንድ ወታደር አሞት እንደሆነ ሊጠይቅ መጣ፤ አባቱ እየሄደበት ነው አለችው። ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጋሽ ኪዳኔ በባቡሩ ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ይኸው፣ አስታረቅናቸው!» በየድግሱ ስንት ዓመት አወሩት፤ እኔ እያለሁ፣ ዓይኔ ውስጥ እያዩ። እንዴት እንደምበሳጭ! አባባ ከሄዱ በኋላ አባቴ እሁድ እሁድ ይደውልላቸው ነበር፤ ሲያርፉ ቅያሜ አልነበረም። ያልኩትን ነገር አባቴ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አላነሳብኝም።

አሁን ሽኝት የሚባል ነገር የለም። መኪናውን መንገዱ ዳር ታቆማለህ፣ ቀይ ለባሹ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ይልሃል፣ መንገደኛው ሻንጣውን ራሱ አውርዶ በእጁ ሰላምታ ይሰጥሃል። ያም ካልሆነ ከዳውንታውን በባቡር ሄዶ፣ ሲደርስ መልእክት ይልክልሃል። ጋሽ ኪዳኔም ልጃቸው ጋ ሌላ ስቴት ከገቡ ቆይተዋል። ልጅ ሆኜ የተመኘሁት ይህን ነበር፤ ቅዳሜዬን የሚበላ የለም፣ ጉንጬን እየደጋገመ የሚስም የለም።

ታናሽ ወንድም አለኝ። በዚያ ቀን ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ወሬውን ያወቀው በጋሽ ኪዳኔ አፍ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ እናታችን ከማናችን ጋር ትኑር በሚል ክፉ ቃል ተለዋውጠን ተኳረፍን፤ ዓመት አለፈን። ባለፈው ወር ሥራ አግኝቶ ከዴንቨር ጠቅልሎ ሄደ። ያወቅኩት ከአውሮፕላን መስኮት አንስቶ የለጠፈውን ፎቶ ሳይ ነው። ማንም እኔ ቤት መጥቶ አልተቀመጠም፤ ማንም እሱን በር ላይ ጠብቆ አልያዘውም፤ ማንም ስልክ በግድ ጆሮዬ ላይ አልደቀነም። ማንም አላስቸገረንም።