ሰሌኑና የእናቴ ድምፅ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ አዲስ ሰሌን ገዝቼ ስዘረጋው፣ ያ የደረቀ ቅጠል ሽታው ተነሥቶ ሶዶ፣ እናቴ ቤት መለሰኝ።

ኮምፒውተር ገና በየቢሮው ሳይዳረስ ኮሌጅ ገብቼ የጽሕፈት ሙያ እማር ነበር። ቀኑን ሙሉ ታይፕ ላይ፣ ማታ ደግሞ ጥናት ላይ ተጎልቼ ነው የማሳልፈው። እንዲያ እያልኩ ወገቤ ተያዘ፣ እንቅልፍ ራቀኝ፤ ትንሽ ዳገት ስወጣ ልቤ ድው ድው ይል ጀመር። እናቴ የልብ በሽታ ነው ብላ ኦቶና ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ልቤ ጤነኛ መሆኑን ቢነግራትም አላመነችም። ትምህርቱን ትቼ ቤሌ፣ አክስቴ ዘንድ ሄጄ እንዳርፍ ቆረጠች። እኔ ደግሞ ከዚያ ትምህርት ሌላ ተስፋ አልነበረኝም።

የደረሰችልኝ ጎረቤታችን የነበረች ነርስ ናት። ጠዋት ጠዋት ሰሌን ታስዘረጋኝና እጆቼን በቀስታ እንዳነሣ፣ ወገቤን እንዳጥፍ፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ብቻ እንዳዳምጥ ታሳየኝ ጀመር። እኔ እንኳ በሆዴ እስቅ ነበር፤ እጅ ማንሣት ምን ሊያድን!

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዓይኑን የጨፈነ ሰው ይጸልያል፤ የሚጸልየውም ከሁሉም ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው።

«ሲስተር» አለቻት አንድ ቀን፣ «ጸሎት ከሆነ ድምፁ የታል? ካልሆነ ዓይን የሚጨፈነው ለማን ነው?»

ፈራሁ። በቃ፣ ቤሌ መሄዴ ነው አልኩ። ነርሷ ግን አልተከራከረችም።

«እማማ፣ እሷ ትተንፍስ፣ እርስዎ ይጸልዩላት» አለቻት።

እናቴ ጥቂት አሰበችና ነጠላዋን አስተካክላ ከሰሌኑ ጫፍ ተቀመጠች። በወላይትኛ፣ ጮክ ብላ፣ ስለ ወገቤ፣ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ታይፑም ሳይቀር ጸለየች። እሷ ለመተንፈስ ስታቆም እኔም አየር እስባለሁ፤ ስትቀጥል ቀስ ብዬ አስወጣለሁ። ከዚያ በኋላ ያለ እሷ አልጀምርም ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ዳገቱንም ሳላርፍ ወጣሁት። ቤሌን ያነሣ ሰው አልነበረም። እናቴ «ጸሎቱ ነው ያዳናት» ትል ነበር፤ ነርሷም ትስቅ ነበር።

እናቴ ካረፈች ቆየ። ቅዳሜ ዕለት አዲሱ ሰሌን ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አየር ሳብኩ። ከዚያ እሷ እስክትቀጥል ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኋት።