ውስጠኛው ኪስ

በእኛ ሰፈር ቦርሳ የምታነግት ሴት ሁሉ እትዬ ድርብን ታውቃት ነበር። ስሟ ሌላ ነው፤ ድርብ ያልናት እኛ ነን። ኪሮሽ ስትሠራ አንድ ክር ብቻውን አትይዝም። ሁለት ክር ታጣምርና ለዚያ ውፍረት በማይመጥን ቀጭን መርፌ እየጎተተች፣ ጣቷ እስኪቀላ ታጠብቀዋለች። የሠራችው ቦርሳ ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከአንዳንድ የሰፈራችን ወንዶች ይሻላል እያልን እንስቅ ነበር፤ በተለይ በደመወዝ ማግስት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ እሷ ከተከራየችበት ግቢ ፊት ለፊት ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ለደንበኛ አንድ ወንበር፤ ከዚያ በላይ ሰው ከመጣ እኔ መውጣት አለብኝ። የቦርሳዎቿን ገበር የምሰፋላት እኔ ስለነበርኩ «ገበሬዬ» ትለኝ ነበር። በሕይወቴ እርሻ ረግጬ አላውቅም። ሰው ግን ቀልዱን ትቶ ቃሉን ያዘና ሰፈሩ በሙሉ ገበሬው ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ የሽንኩርት ዘር ልትጠይቀኝ መጥታለች።

እትዬ ድርብ ክር ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሲጠቀለል የተበላሸውን ክር ለሠራተኛው ይሰጡታል፤ ሌሎቹ ሴቶች ዳንቴል ሠርተው ቴሌቪዥናቸውን ያለብሱበታል። እሷ ዳንቴል አትወድም። «ቀዳዳ ለመሥራት ዓይኔን አላጠፋም» ትላለች። የምትሠራው ሥራ የሚወጣበት፣ ዝናብ የሚመታው፣ ድንች የሚጫንበት ቦርሳ ነው። ከታች ጀምራ ዙሩን በከንፈሯ እየቆጠረች ትወጣለች። ታቹን ትደርበዋለች። ማንገቻውን አፉ ላይ አትቀጥለውም፤ በጎኑ አውርዳ እስከ ታች ድረስ ትወስደዋለች። ቦርሳ የሚበጠሰው እዚያ መጋጠሚያው ላይ ነው ባይ ናት።

ኪስ ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሯ ሌላ ነው። ቦርሳ ያዘዘችን ሴት ወንበሬ ላይ ታስቀምጥና «ምን ምን ትይዣለሽ?» እያለች ትመረምራታለች። ለነርሷ የመቀስ ኪስ፣ ለአስተማሪዋ የጠመኔ ኪስ፣ ለጎረቤታችን ባሏ እንዳያየው የምትፈልገውን ወረቀት የምታስቀምጥበት ኪስ። ሁሉንም በልኩ። ያንን ወረቀት ዛሬም ድረስ ማንም አላየውም።

አንዲት ልጅ ነበረቻት። አባትየው ልጅቷ ሳትድህ ነው የሄደው፤ ስለ እሱ ስትጠየቅ «ነጠላ ክር ነበር» ብላ ታልፈዋለች። ልጇን አሳድጋ ኮሌጅ አስገባች። ልጅቷ በየጠዋቱ ደብተሯን እናቷ በሠራችላት ቦርሳ ይዛ ትወጣለች፣ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። እትዬ ድርብም ባየችኝ ቁጥር «ትንሽ ነው የቀራት» ትለኛለች።

አንድ ቀን አብራት የምትሠራ ሴት «የኔ ልጅ ልትመረቅ ነው፤ ያንቺዋ ለምንድነው ያቋረጠችው?» አለቻት። ለካ ልጅቷ ትምህርቱን ከተወች ዓመት ሞልቷታል። ጠዋት ጠዋት የምትወጣው ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ለመዋል ነው። ፈተና ወድቃለች፤ ከዚያ አፈረች፤ ከዚያ መናገር ፈራች። በቃ ይኸው ነው ወንጀሏ።

ያን ዕለት እትዬ ድርብ ልጇን ግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ተከራይ ሁሉ ወጥቶ ያያል። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። እጇን ዘረጋችና «የቤቴን ቁልፍ» አለቻት። ልጅቷ ቁልፉን ከቦርሳዋ ኪስ አውጥታ የእናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ቦርሳውንም ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ ተወችውና በመጣችበት ተመልሳ ሄደች። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳን «ተይ እንጂ» ያለ የለም። እኔም አላልኩም። መርፌ ላይ ክር እያስገባሁ ነበር።

ልጅቷ ሩቅ ከተማ ሄዳ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆነች። አልፎ አልፎ ትደውላለች። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» «ደህና ነኝ።» ያልቃል። እትዬ ድርብ ስልኩን ከዘጋች በኋላ እጇ ላይ እንደያዘችው ትቆያለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ ተመልሳ ያቺን በር ከፍታ እንድትገባ። የበሩ መቆለፊያ አርጅቶ እየያዘ ሲያስቸግር አከራይዋ በአዲስ ልቀይርልሽ ብትላት እንኳ እምቢ አለች። «ልጄ የምታውቀው ይሄን ነው» ብላ።

«ታዲያ ነይ በያታ!» አልኳት አንድ ቀን ተናድጄ።

«በስልክ አላስወጣኋትም፤ በስልክ አላስገባትም» አለችኝ። ከእሷ አፍ ይቅርታ ከሚወጣ ከፋብሪካው ማሽን ማር ቢወጣ ይቀላል።

ከዚያ ቦርሳውን ጀመረች። ጥቁር ሰማያዊ፣ እንደ ልማዷ ድርብ ክር። ሦስት ወር ፈጀባት። ጎኑ ጠመመ ብላ ሁለቴ ከግማሽ በላይ ተርትራዋለች፤ እኔ ግን ምንም ጥመት አላየሁበትም። ውጭኛው ኪስ ላይ ትልቅ የእንጨት ቁልፍ አደረገችበት፤ ክብ፣ የተወለወለ፣ ዓይን የሚስብ። ከደንበኞቿ ለአንዷም እንዲህ ያለ ቁልፍ አድርጋ አታውቅም።

ያለቀ ዕለት ጠዋት ወደ ፋብሪካ ስትሮጥ ሱቄ ገባች። የአከራይዋ ወንድም የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በዚያው ቀን ልጅቷ ወዳለችበት ከተማ ይሄዳል።

«ገበሬዬ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሹፌሩ ካንተ ይወስደዋል። ገበሩን ቶሎ በልልኝ።»

«ገበሩ ብቻ ነው?»

«ኪሱ ጋ ቁልፍ አለ። መንገድ ላይ እንዳይወድቅ አጥብቀህ ስፋልኝ። አደራህን።»

«እሺ፣ ሂጂ አንቺ፤ ሰርቪሱ ያመልጥሻል» አልኳት።

አየሁት። የእንጨቱ ቁልፍ በእርግጥም ላላ ብሏል። በሰም ክር አራት ጊዜ አዙሬ ሰፋሁት፤ በጉጠት ቢጎትቱት አይነቀልም። ከዚያ ገበሩን ቆረጥኩ። ውስጡን ስዳስስ ታችኛው ጥግ ላይ አንድ ደረብ ያለ፣ ጠጠር ያለ ነገር ነካሁ። ድርብ ናት፣ ምን የማትደርበው ነገር አለ ብዬ ገበሩን በላዩ ላይ አለበስኩት። በስድስት ሰዓት ቦርሳው ከእጄ ወደ ሹፌሩ እጅ ገባ። በሥራዬ ኮርቼም ነበር፤ ይሄን መደበቅ አልፈልግም።

በሳምንቱ እሁድ እትዬ ድርብ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ደወለች። ራሷ ስትደውል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ደረሰሽ?» አለች። ትንሽ አዳመጠች። «ቁልፉን አየሽው?»

አሁንም አዳመጠች። ከዚያ ስልኩን ቀስ ብላ ከጆሮዋ አወረደችው። ደህና ሁኚ እንኳን አላለችም።

«ምን አለችሽ?»

«አየሁት፣ ያምራል አለችኝ።»

«ያምራላ!» አልኩ፣ እየሳቅኩ። «ምን ትበል ታዲያ?»

ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ ያለ አስተያየት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ማንም አይቶኝ አያውቅም። «እውነትህን ነው» አለች። «ምን ትበል።» ተነስታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ መርፌዋን አላነሳችም። የታዘዘችውን ቦርሳ ሁሉ በየምክንያቱ መለሰች። ልጅቷ ስትደውል ስልኩን እያየችው ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል። ለአከራይዋም «ያንን መቆለፊያ ቀይሩት፤ አሁን ግድ የለኝም» አለቻት። ይሄ ሁሉ ዓይኔ ሥር ሲሆን እርጅና ነው፣ ድካም ነው እያልኩ ሱሪ አሳጥር ነበር።

ክር ፋብሪካ ውስጥ ስትተነፍሰው የኖረችው ብናኝ ደግሞ ሳንባዋ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ስትስል ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማል። ሐኪሙ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈላት፤ ልጅቷ ያለችበት ከተማ ማለት ነው። እኔም አከራይዋም ለመንናት። ግግም አለች።

«ማን ጋ አርፋለሁ?»

«ልጅሽ አለች አይደለም እንዴ?»

«ያምራል ያለችኝ ልጅ ጋ?» አለች።

ትኩሳቱ ነው የሚያስለፈልፋት አልኩ። ምናለ ያኔ ምን ማለትሽ ነው ብዬ ብጠይቃት። ሦስት ፊደል እንኳን የማይሞላ ጥያቄ ነበር፤ «ምኑ?» ማለት ይበቃ ነበር። አልጠየቅኩም። በክረምቱ አጋማሽ ሞተች።

ልጅቷ በማግስቱ ደረሰች፤ ቀብሩ አልፏል። በአራተኛው ቀን ሱቄ መጣች። ፊቷ አባብጧል። ያ ጥቁር ሰማያዊ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ ነው፤ በየቀኑ እንደተያዘ ያስታውቃል። ማንገቻው አልሳሳም፣ አንድ ክር አልተተረተረም። የእናቷ ሥራ እንዳለ ነው። የተቀደደው የእኔ ገበር ነው።

«ጋሼ፣ ይቺን ብትሰፋልኝ» አለች። «እዚህ ጥጉ ላይ ነው። ድሮም ይቆረቁረኝ ነበር፤ ቋጠሮ ነው እያልኩ ተውኩት።»

ስፌቱን በምላጭ ፈታሁና እጄን ሰደድኩ። ከገበሩ ሥር ትንሽ ኪስ አለች። አፏ ወደ ገበሩ ዞሮ፣ በእኔው ጨርቅ ተሸፍኖ፤ ገበሩን እዚያ ላይ ከፍቼ አፏን በሚታይበት መስፋት ነበረብኝ። ከውስጧ በድርብ ክር የተሠራች አውራ ጣት የምታህል ከረጢት ወጣች፤ እንዳይንኳኳ ተብሎ የተሠራች። ስጨምቃት አንድ ቁልፍ መዳፌ ላይ ወደቀ። የበር ቁልፍ። አሮጌው።

ክው አልኩ። በር የሚከፍተውንና ኮት የሚዘጋውን በአንድ ስም የጠራው የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ያን ሰዓት ባገኘው ኖሮ በመቀሴ ነበር የምቀበለው። ግን እሱስ ምን አደረገ? አደራ የተባልኩት እኔ ነኝ።

ልዋሽ አስቤ ነበር። የድሮ ቁልፍ ነው፣ ረስታው ይሆናል ልላት። ዓይኗን ሳይ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠዋት ያለችኝን፣ እኔ እንዴት እንደሰማሁት፣ የቱን ቁልፍ እንደሰፋሁ፣ ስልኩንም፣ ሳቄንም። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አውራ ጣቷ የእንጨቱን ቁልፍ ያሻሻል።

«ቁልፉን አየሽው ስትለኝ...» አለች። «እኔ ነይ እስክትለኝ እየጠበቅኩ ነበር፣ ጋሼ። ሻንጣዬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ቁልፍ ስትጠይቀኝ ይሄን አገላብጬ አየሁና ያምራል አልኳት። ሌላ ነገር ትላለች ብዬ ስጠብቅ ዘጋችው።»

ይቅርታ አልኳት፤ የሰማችኝም አልመሰለኝም። ዞራ ከመንገዱ ማዶ ያለውን በር አየች። የግቢውን በር አይደለም፣ እሱ ክፍት ነው፤ ከውስጥ ያለችውን የእናቷን በር ነው። አዲስ ተከራይ ሊገባበት ነው፤ መቆለፊያውም አዲስ ነው፣ ያብለጨልጫል። ቁልፉን እጇ ላይ አገላበጠችው፤ ከዚያ ከረጢቷ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

«መልሰህ ስፋው» አለችኝ።

«አፉን ልክፈትልሽ እንጂ፤ እንደፈለግሽ እንድታወጪው...»

«አይሆንም፣ ጋሼ። እንደነበረ።»

ሁለት ክር አጣምሬ መርፌው ላይ አስገባሁ። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሷም አላቻኮለችኝም። ከረጢቷን ጥጉ ላይ አስገብቼ ገበሩን ከላይ መለስኩበትና፣ እንዳይወድቅ አጥብቄ ሰፋሁት።