በእትዬ ትከሻ ላይ

ቡሬ ገበያ ዳር የጤፍ ጭድ የጫነ ጋሪ ባጠገቤ ሲያልፍ፣ ሽታው ልጅነቴ ድረስ ይዞኝ ሄደ።

ፍኖተ ሰላም ጂምናስቲክ የምንማረው ጭድ በሞላንባቸው የማዳበሪያ ከረጢቶች ላይ ነበር። አንድ ቀን አሰልጣኙ ታላቅ እህቴን እትዬን አቁሞ፣ “ትከሻዋ ላይ ውጪ” አለኝ።

“ታላቄን እንዴት በእግሬ እረግጣለሁ?” ብዬ ቆምኩ።

ጭዱን የሰጡን ሽማግሌ ገበሬ በር ላይ ተቀምጠው ያዩን ነበር። “ልጄ፣ እሷ ከፈቀደች መርገጥ አይባልም” አሉኝ። “ብቻ ትንፋሿን በእግርሽ አዳምጪ።”

እትዬ “ውጪ” ብላ ፈቀደችልኝ፤ ወጣሁ። እትዬ ስትተነፍስ እኔም አብሬ ከፍ ዝቅ አልኩ። ሰው ሰውን እንዲህ መሸከም እንደሚችል አላውቅም ነበር። ከላይ ሆኜ መተንፈስ ፈራሁ።

ጋሪው ርቋል። እግሬ ግን ጫማ ውስጥ ሆኖ፣ አሁንም የእትዬን ትንፋሽ ያዳምጣል።