የሙሽራው ለቅሶ

ቴኒስ የሀብታም ጨዋታ ነው የሚሉኝ ሰዎች ያናድዱኛል። እኔ ቴኒስን ያወቅኩት ክበብ ገብቼ አይደለም፤ አቃቂ፣ በምሠራበት የብረታ ብረት ፋብሪካ ጓሮ ነው። የውጭ አገር መሐንዲሶች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወቱበት የቀይ አፈር ሜዳ ነበር። አንድ ቀን የመረቡ ምሰሶ ተጣመመና እንዳቀናው ተላክኩ። አቅንቼ ስጨርስ ግን አልተመለስኩም። ፎርማኑ ራሱ መጥቶ በጆሮዬ እስኪጎትተኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

መሐንዲሶቹ ሄዱ፣ ሜዳው ሣር በቀለበት፣ በኋላም የብረት ቁርጥራጭ ማስቀመጫ ሆነ። የእኔ ፍቅር ግን አልወጣልኝም። ሰፈሩ በሙሉ ስለ እንግሊዝ ኳስ ሲጨቃጨቅ እኔ ብቻዬን ስለ ቴኒስ የማወራ ሰው ሆንኩ። ብቻዬን የሚለው ቃል የሠራው ጎረቤቴ እስኪመጣ ነው።

ጎረቤቴ የወሎ ሰው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አቃቂ በሰቃ ውስጥ አንድ ግድግዳና አንድ ጣሪያ እንጋራለን። ከጅቡቲ መስመር ሲመለስ ዲሽ ገዝቶ መጣና የጋራ ጣሪያችን ላይ ተከለው፤ ቴሌቪዥን ግን አልነበረውም። ቴሌቪዥኑ የእኔ፣ ዲሹ የእሱ፤ አንዳችን ያለ ሌላው ምንም ማየት አንችልም። ስለዚህ እሁድ ከሰዓት እኔ ቤት ይመጣል። የቴኒስን ነጥብ አቆጣጠር ያስተማርኩት እኔ ነኝ፦ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ።

«አርባ አምስት መሆን ሲገባው አምስቱን ማን በላው?» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። በዚህ ጥያቄ ለዓመታት ሲነዘንዘኝ ኖረ።

ተጫዋቾቹን በስማቸው አንጠራቸውም ነበር። የእኔው ሰው ሙሽራው ነው። ነጭ ለብሶ ይገባል፣ ሦስት ሰዓት ይጫወታል፣ ከሠርግ እንደሚመለስ ሰው ሳይጨማደድ ይወጣል። የእሱ ደግሞ ገበሬው። አለቀለት ያልከውን ኳስ ሜዳው ጥግ ድረስ ሮጦ ቆፍሮ ያወጣዋል።

«ያንተ ሰው እኮ ኳስ አይመታም፣ ይጎለጉላል» እለዋለሁ።

«እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ላቡን የማያሳይ ሰው አላምንም» ይለኛል።

በኋላ ሁለቱንም የሚያሸንፍ ሦስተኛ ሰው መጣ፤ እጅና እግሩ እንደልቡ የሚለጠጥ፣ ላስቲክ ያልነው። ላስቲክን በመጥላት እኔና ጎረቤቴ ወንድማማች ነበርን። አሁን ሳስበው ግፍ ነው፤ ሰውየው ከማሸነፍ በቀር ምንም አላጠፋም።

የለቅሶውን ልማድ የጀመረው ግን ጎረቤቴ ነው። ገበሬው ሙሽራውን በፍጻሜ ባሸነፈ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤቴ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠና ረዘም አድርጎ ተነፈሰ።

«አላህ ያጽናህ» አለኝ። «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ። ያሸነፈው ነጠላውን አዘቅዝቆ የተሸነፈውን ሊያስተዛዝን ይመጣል። ቀድሞ የሳቀ ሻይ ያፈላል። አንድ ጊዜ ሁለታችንም ሳንስቅ ግማሽ ሰዓት ተፋጠን ተቀምጠን ሁለታችንም ከሥራ አርፍደናል። ሚስቴ «በሞት አይቀለድም» እያለች ትቆጣ ነበር። መች ሰማኋት።

አንድ እሁድ ሙሽራው አሸነፈ። ጎረቤቴ አኩርፎ ወደ ቤቱ ገባ። ሚስቴ እህቷ ጋ ሄዳ ነበርና እኔም ደስታዬን ልወጣ ስልኬን እንኳ ሳልይዝ ቤቱን ቆልፌ ወጣሁ። በዚያ ማምሻ ከወሎ ተደውሎ ነበር፤ ለእሱ ሳይሆን ለሰፈሩ ሐጂ። የጎረቤቴ እናት አርፈዋል። መርዶው እንደ ወጉ በማለዳ ይነገረው ተባለ። የቅርብ ወዳጁ እኔ ነኝና አብሬ እንድገባ ሽማግሌዎቹ በሬ ድረስ መጡ። ተዘግቶ አገኙት።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በሩን አንኳኳሁ። ሲያየኝ ከንፈሩን ነከሰ። ገብቼ ተቀመጥኩ።

«አላህ ያጽናህ» አልኩት። «ጎበዝ ገበሬ ነበር።»

«ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» አለ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። ሳቁ ሊያመልጠው ትንሽ ነው የቀረው።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ከፊት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ሁሉም ጋቢ ለብሰው ገቡ። ጎረቤቴ እነሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ፈነዳ። ጉልበቱን እየመታ ሳቀ።

«ዛሬስ አበዛኸው! ሐጂ፣ አንቱንም አሳተዎት? በቃ፣ ሳቅኩ፣ ሻዩን አፈላለሁ» ብሎ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት ሐጂ።

«አምኛለሁ ሐጂ፣ ገበሬው ሞቷል!»

«ተቀመጥ። እናትህ ናቸው።»

እሱ ሐጂን አላያቸውም። ያየው እኔን ነው። ሳቁ ገና ፊቱ ላይ ነበር። ቀልድ ነው እንድለው በዓይኑ ለመነኝ። ያን ዓይን እስክሞት አልረሳውም። እኔም እንደ እሱ በዚያች ደቂቃ መስማቴ ነበር። ነጠላዬን ላወልቀው ይሁን ልተወው አላወቅኩም። ከሁሉም ሰው መሃል ለለቅሶ በትክክል የለበስኩት እኔ ነበርኩ።

ወሎ ሄዶ ሲመለስ ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ ጠየቅኩ። «ምን አጠፋና? ምንም አልያዝኩበትም» አለ። ሰላምታ አልነፈገኝም፤ ጠዋት እንደምን አደርክ፣ ማታ እንደምን አመሸህ። እሁድ ከሰዓት ግን መጥቶ አያውቅም። የእናቱን መርዶ እየሳቀ ነው የተቀበለው፤ ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልጥራው? ክረምት ላይ ነፋስ ዲሹን አዞረውና ሥዕሉ ጠፋ። እሱም ጣሪያው ላይ አልወጣም፣ እኔም የሰው ዲሽ አልነካሁም። ሙሽራውና ገበሬው ስንት ጊዜ ተገናኙ፤ እኔ ውጤቱን በማግስቱ ከሬዲዮ ሰማሁ። ሳሸንፍ የማስተዛዝነው፣ ስሸነፍ የሚያስተዛዝነኝ ሰው ከሌለ ምን ጨዋታ አለው?

ከዚያ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝና ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ገባሁ። እቃ ስጭን በገዛ መኪናው አደረሰልኝ፣ ሶፋውንም በጀርባው ተሸክሞ አወጣ። ውሃ ጠጣና ሄደ። ዓመታት አለፉ። ልጄ ጨዋታ በስልኬ እንዴት እንደሚታይ አሳየችኝ። ብቻዬን አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ አየሁ። ጥሩ ሥዕል ነው፣ ዲሽ አያስፈልገውም። አንድም ቀን ግን እንደ ድሮው አልጮህኩም።

ሙሽራው ጨዋታ ማቆሙን የሰማሁት በዚያው ስልክ ነው። ጉልበቱ እምቢ አለው። ለሚስቴ ብነግራት «እግዜር ይርዳው» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ለሌላ ለማን እንደምነግር ግራ ገባኝ።

በማግስቱ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤቴ ነው። ሸብቷል፤ አራት ፎቅ ደረጃ ትንፋሹን ቀምቶታል። ነጠላውን አዘቅዝቋል።

ከዚያች ሰኞ ወዲህ የተዘቀዘቀ ነጠላ በሬ ላይ ሳይ ልቤ ይቆማል። ከልጆቹ አንዱ ነው፣ ወይስ ሚስቱ ናት? ሳያናግረኝ አልፎኝ ገባና ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንገቱን ደፋ።

«አላህ ያጽናህ» አለኝ። «ላቡን ሳያሳይ ሄደ።»

ሚስቴ ከማድ ቤት ደንግጣ ወጣች። «ማን ሞተ?»

«ሙሽራው» አላት፣ ፊቱ ሳይፈታ።

በሕጉ መሠረት «ቀኑ ደርሶ ነው» ብዬ ኮስተር ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አልወጣ አለኝ። ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ለእሱ እናት ያላለቀስኩትን ሁሉ ጨምሬ፣ የእውነቴን እንደ ልጅ አለቀስኩ። የጎረቤቴ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አፉን በነጠላው ቢይዘውም ሳቁ አመለጠው።

«በቃ፣ ሳቅኩ» አለ እንባውን እየጠረገ። ተነሥቶ ወደ ማድ ቤት አመራ። «ማንቆርቆሪያችሁ የት ነው? የዚያን ቀኑን ሻይ አላፈላሁም እኮ።»