ከጋሽ ሚዛን ስም ሥር የወጡት ኮከቦች

ወጡ! ተመስገን፣ ወጡ! ዛሬ ጠዋት በገዛ ስልኬ፣ በገዛ ዓይኔ አየኋቸው። አላምን ብዬ ስልኩን አጥፍቼ እንደገና ከፈትኩት፤ አሁንም አሉ። ቢጫ ናቸው፣ አምስት ናቸው፣ በተርታ ተደርድረዋል፤ አምስተኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ሸረፍ ብሏል እንጂ ሌላ እንከን አይወጣላቸውም።

የምን ኮከብ? የማን ኮከብ? ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ ደስታዬ ቀድሞኝ ሮጠ። ኮከቦቹ የእህቴ ባል የጋሽ ሚዛን ናቸው። ሰማይ ላይ አይደሉም፤ ሰው ኢንተርኔት ላይ ጫማ ሲፈልግ ከሚመጡለት ስሞች መካከል፣ ከእሱ ስም ሥር ነው የበሩት። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ለእኛ ቤት ግን ቀላል አልነበረም፤ ስለዚህ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ጋሽ ሚዛን ጫማ ሰሪ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። አንድ እግራቸው ከሌላው ለሚያጥር፣ ተረከዛቸው ለተጣመመ፣ ከአደጋ በኋላ እግራቸው እንደ ድሮው መሬት አልይዝ ላላቸው ሰዎች ይሠራል። ዘመም ብለው ገብተው ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ ሚዛን ያሉት ለዚህ ነው። የሥራ ክፍሉ ከመንገዱ ዝቅ ያለች፣ በደረጃ ተወርዶ የሚገባባት ጠባብ ክፍል ናት። መስኮቷ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለሆነ፣ ከውስጥ ሆኖ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ስለዚህም ሰው የሚያውቀው በፊት ሳይሆን በአረማመድ ነው። «ይቺ ሴትዮ ወገቧን ያማታል» ይላል ከሥራው ቀና ሳይል፤ ወይም ደግሞ «ይሄ ሰውዬ የወንድሙን ጫማ ነው ያደረገው።» ግድግዳው ላይ ፎርማዎቹ፣ በእግር ቅርጽ የተጠረቡት እንጨቶች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተንጠልጥለዋል፤ እንደ ሌላ ጫማ ቤት ግን ግራው ከቀኙ አይመሳሰልም። የማስቲሹና የቆዳው ሽታ ልብስ ላይ ይቀራል። እህቴን ባቀፍኳት ቁጥር የሚሸተኝ እሱ ነበር።

እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ የሥራው እኩሌታ ነበረች። እሱ ይሠራል፣ እሷ ትለካለች። መለካት ስላችሁ ሜትር ዘርግቶ ቁጥር መጥራት እንዳይመስላችሁ። «እግር የሚያፍር ነገር ነው» ትል ነበር። ካልሲውን አላወልቅ ብሎ የሚግደረደረውን «አይዞህ፣ እኔ ያየሁት እግር ቢሰለፍ መንገድ ይዘጋል» ትለውና ታስቀዋለች፤ እየሳቀ ሳለ እግሩ ጉልበቷ ላይ ነው። ከዚያ ታቆመውና ዓይኑን እንዲጨፍን አድርጋ፣ ባጠረው እግሩ ሥር ስስ ስስ ጣውላ አንድ በአንድ ትጨምራለች። «አሁንስ?» ትላለች። «ትንሽ ይቀራል።» «አሁንስ?» የሰውዬው ፊት ይለወጣል። ሰውነቱ ራሱ አውቆታል። ጋሽ ሚዛን የዚያን ጣውላ ቁመት ወስዶ ከጫማው ሥር የሚገባውን ቡሽ ይቆርጣል።

እትዬ ከሞተች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሚዛን የሰው እግር አልነካም። ሜትሩን ለደንበኛው ያቀብልና «እስኪ ከዚህ እዚህ ድረስ ያዙልኝ» ብሎ ቁጥሩን ከሩቅ ያነባል። ጫማው ያው ጫማ ነው፤ እጁ አይታማም። ግን የመጣው ሰው ሌላ ሰው ይዞ አይመለስም። ቀስ በቀስ ቤቱ ቀዘቀዘ።

አንድ ቀን አንዲት አስተማሪ ከመንገዱ ቁልቁል አይታን፣ የግድግዳውን ጥግ ይዛ እያነከሰች ወረደች። ከአንድ ትልቅ ሱቅ ጫማ ውስጥ የሚገባ የተረከዝ ማስደገፊያ ገዝታ ጉልበቷን ጨርሶ አበላሽቶባታል።

«ምነው ቀድመው እዚህ ብቅ ሳይሉ?» አላት ጋሽ ሚዛን።

«የት አውቄዎት!» አለችው። «ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ከነሱ ስም ሥር ኮከቡ ተደርድሯል። የእርስዎ ስም ግን ከታች ባዶውን ቁጭ ብሏል። ሰው የሌለበት ቤት መሰለኝ።»

ሰው የሌለበት ቤት። ቃሏ እንደ ወስፌ ገባበት። ያንኑ ምሽት ለልጁ ደወለላት። ልጁ ሌላ ከተማ ውስጥ በኮምፒውተር ሥራ የምትተዳደር ናት፤ የጫማ ቤቱን ድረ ገጽ እናቷ በሕይወት ሳለች የሠራችው እሷ ነች። ጫማ የወሰደ ሰው ሁሉ በስልኩ መልእክት ይላክለታል፤ እሱን ነክቶ አስተያየቱን ይጽፋል፣ ኮከብም ይሰጣል። ስለዚህ ኮከብስ ሞልቶን ነበር። የጎደለው ኮከቡ ሰው ኢንተርኔት ላይ በሚፈልግበት መፈለጊያ ዘንድ መታየቱ ነው።

ልጅቷ እንዳስረዳችኝ ድረ ገጽ ሁለት ወገን አለው። የፊቱ እኛ የምናየው ነው፤ ፎቶው፣ ጽሑፉ፣ ስልክ ቁጥሩ። የኋላው ደግሞ ለመፈለጊያው ብቻ የሚጻፍ ነው። መፈለጊያው እንደኛ አይቶ አይገምትም። «ይህ ጫማ ነው፤ ነጥብ የሰጡት ሰዎች ይህን ያህል ናቸው፤ አማካዩ ይህ ነው» ተብሎ እያንዳንዱ ነገር በየስሙ፣ በየቦታው ሊነገረው ይገባል። በሥርዓት ከተነገረው፣ ደስ ካለው፣ ኮከቦቹን ከስሙ ሥር ያወጣቸዋል።

«ደስ ካለው ነው ያልሽኝ?»

«አዎ አክስቴ፣ ግዴታ የለበትም።»

«ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ኩሩ ነው!»

ጻፈችለት። ትክክል መሆኑን የሚፈትሽ ነገር አለ፤ እሱም ምንም ስህተት የለም አላት። ጠበቅን። ጋሽ ሚዛን ጠዋት ጠዋት ማስቲሹን ሳይከፍት ስልኩን ይከፍታል። የለም። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ የለም። እኔ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና አንድ ቀን ሄጄ አፈጠጥኩበት።

«ጋሼ፣ እኔው ልጻፍልህ። እንደምታውቀው አሁን መጻፍ ይዋጣልኛል። ብቻዬን አሥር ሰው ሆኜ ሳሞግስህ መፈለጊያው ራሱ ይደነግጣል።»

ሶሉን ከመሞረድ ሳያቆም «የአንቺ እግሮች እኩል ናቸው» አለኝ።

«እና ቢሆኑስ?»

«እናማ በምን አፍሽ ልትመሰክሪ ነው?»

 

በመጨረሻ ለአከራይዋ ክፍሏን በወሩ መጨረሻ እንደሚለቅ ነገራት። «ምን ልትሆን ነው ታዲያ?» ብለው፣ «ምን እሆናለሁ፣ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ እግር አያለሁ» አለኝ። ሳቅሁለት። ያ ሁሉ ፎርማ ከግድግዳው ሲወርድ ታየኝ። እትዬ ሁለተኛ ልትሞትብኝ መሰለኝ።

ልጅቷ ዕቃ ልታግዘው መጣች። እኔም ሄድኩ። ሳጥኑ ገና ሳይሞላ፣ «እስኪ ለመጨረሻ ጊዜ» ብላ ኮምፒውተሯን የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ጉጠቶቹን ገፋ አድርጋ ከፈተች። የድረ ገጽ ባለቤቶች ከመፈለጊያው መልእክት የሚቀበሉበት ቦታ አለ፤ እዚያ ገባች። አዲስ መልእክት ተቀምጧል። ደጋግማ አነበበችው።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ከኋላ የጻፍነውን አስተያየት ከፊት ለፊት ፈልጎ አጥቶታል። ለሰዎች የማይታየውን ነገር ለእኔ ብቻ አትንገሩኝ ነው የሚለው። ቅጣት ጥሎብናል።» ግንባሯን ቋጠረች። «እንዴት አይታይም? እኔው ነኝ የሠራሁት!»

ገጹን ማንም ሰው እንደሚከፍተው አድርጋ ከፊት ለፊቱ ከፈተችው። ፎቶው አለ። ስልኩ አለ። ከታች፣ የሰዎቹ ቃል መኖር የነበረበት ቦታ፣ ነጭ ባዶ ነው።

«አባዬ! ሰው ገብቶብናል! የሆነ ሌባ ገብቶ...»

ጋሽ ሚዛን መዶሻውን አስቀመጠ። «ማንም አልገባም» አለ። «እኔ ነኝ።»



«ፎቶ መጫን ያስተማርሽኝ ጊዜ ‹አሳይ›፣ ‹ደብቅ› የሚል ነገር አሳይተሽኝ ነበር። እናትሽ ከሞተች በኋላ አንድ ማለዳ ገባሁ፤ አዲስ ጫማ ፎቶ ላስገባ። አነበብኩት። ሁሉም የሚያወራው ስለ እሷ ነው። እጇ እንዲህ ነው፣ ሳቋ እንዲህ ነው። ዛሬም እዚህ ቁጭ ብላ የምትጠብቃቸው ነው የሚመስለው። አልቻልኩም። ላጥፋው ብል እሱንም አልቻልኩ። ደበቅኩት።»

ልጅቷ ትቆጣዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች።

«እኔም ከፊት ለፊት ከፍቼው አላውቅም፣ አባዬ» አለች። «እማዬ ከሄደች ጀምሮ። ከኋላ ከኋላው ነው የምሠራው፤ እዚያ የሚታየኝ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥር አያስለቅስም ብዬ።»

አባትና ልጅ፣ ሳይነጋገሩ፣ አንዱ ከፊት ሌላዋ ከኋላ ሆነው አንዲት ሴትን ላለማየት ሲሸሹ ኖረዋል። መፈለጊያው ግን የሁለቱንም ወገን ያያል። ልቅሶ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ አይዋሽም እንጂ።

«ምርጫው ሁለት ነው» አለች ልጅቷ አፍንጫዋን ጠራርጋ። «ወይ የኋላውን ላጥፋው፤ ቅጣቱ ይነሳል፣ ኮከብ የሚባል ነገር ግን እርሳው። ወይ የፊቱን እንግለጠው።»

«የእሷን ሙገሳ አደባባይ አስጥቼ ደንበኛ ልጥራበት?» አለ። «አላደርገውም። ይጥፋ።»

«ከመጥፋቱ በፊት ግን አንዴ ይነበብ» አልኩ እኔ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ልጅቷ ማንበብ ጀመረች።  አንድ የጥበቃ ሠራተኛ እንዲህ ብሏል፤ «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እግሬን እንዳያይብኝ ስደብቅ ኖርኩ። ሴትየዋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ሌላ የምለው የለኝም። ጫማውም ጥሩ ነው።»

«ጫማውም!» አለ ጋሽ ሚዛን። «አመስግኑልኝ፣ ትዝ አልኩት!»

እንባችን ሳይደርቅ ሳቅን። ሌላው አንድ ኮከብ ቀንሷል፤ «የቀነስኩት ለደረጃው ነው። እግረ ጎዶሎን ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ምን ይባላል?» ይላል። ጋሽ ሚዛን ራሱን ነቀነቀ፤ «ሐቁን ነው። መደገፊያ ብረት ላስገባ ስል ስንት ጊዜዬ» አለ።

ከዚያ የመጨረሻውን አነበበች። የአንዲት ሴት ነው። «ለእኔ የሠራችሁልኝ እግሬን መለሰልኝ። እህቴም እንደ እኔው ናት፤ ከቤት አትወጣም። ደጋግሜ ጽፌላችሁ መልስ አጣሁ። አሁንም አላችሁ ወይ? ከሌላችሁ የት ልውሰዳት?»

«መቼ የተጻፈ ነው?» አለ።

ነገረችው። እትዬ ከሞተች በኋላ ነው፤ እሱ ከደበቀው በኋላ።

ጋሽ ሚዛን ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ውጪ እግሮች ያልፋሉ፤ የቸኮሉ፣ የሚጎተቱ፣ ከረጢት የያዘ ሰው እግሮች። 

«እኔ እሷን የደበቅኩ መስሎኝ» አለ ሳይዞር፣ «እነሱን ነው ለካ የደበቅኩት።»

መጥቶ ራሱ በጣቱ ነካው። አሳይ። ነጩ ባዶ ቦታ በሰዎች ቃል ተሞላ። ልጅቷም ለመፈለጊያው ድርጅት ስህተቱን አርመናል፣ እዩልን ብላ ጻፈች። ለዚያች ሴት እሱ ራሱ መለሰላት፤ ሌላ ነገር አላለም፣ «አለን፤ ይምጡ» ብቻ።

ይኸው እስከ ዛሬ ጠዋት ስንጠብቅ ነበር። ኮከቦቹን እንዳየሁ ነጠላ ጫማዬን ሳልቀይር ወደ ሥራ ክፍሉ ሮጥኩ። «ጋሼ! ወጡ!» እያልኩ ደረጃውን ስወርድ አዲሱን ብረት ባልይዝ ኖሮ እኔም ደንበኛው ሆኜ ነበር። እሱ ግን አልሰማኝም። አንዲት ወጣት ሴት ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያቺ ደጋግማ የጻፈችው ታላቅ እህቷ ቆማለች፤ «ትናንት ማታ ስምዎን ስንፈልግ ኮከቡን አይታ ነው እንሂድ ያለችኝ፤ የእኔን ወሬማ መች ታምን ነበር» ትለዋለች። ጋሽ ሚዛን ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። የወጣቷ ባዶ እግር በሁለት እጆቹ መካከል ነው። ሜትሩ የትም አይታይም።

«እጄ ይቀዘቅዛል፣ ይቅርታ» አላት።

«ግድ የለም» አለችው፤ እግሯንም አልሰበሰበችም።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ለአከራይዋ ደውዪልኝ» አለኝ። «የትም አልሄድም በያት።»

ደወልኩላት። ለልጁም ደወልኩላት፤ ሥራ ቦታዋ ሆና ጮኸች። አሁን የቀረችው እናታችን ናት። የስልክ ድምፅ አይሰማትም፤ ከጆሮዋ ሥር ሆነው ካልነገሯት ወሬ አይደርሳትም። ኮከብ ምን እንደሆነ፣ መፈለጊያ ምን እንደሆነ ማስረዳቱ ያደክመኛል፤ አላስረዳም። ልጅሽ ለሰው የዋለችው ሁሉ ተጽፎ በግልጽ ተቀምጧል፣ የፈለገ ሁሉ ያነበዋል እላታለሁ፤ እሱ ይበቃታል። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው፤ ቻው!