የሁለት ሰው ፊርማ

ዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ በፈለገ ቁጥር ማስታወቂያውን የሚለጥፈው ጋሽ ማኅተም ነው። ስሙን ያወጡለት ሥራ ፈላጊዎች ናቸው፤ ማኅተም ከእጁ አይለይማ። የምርምር ረዳት፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ የአስተዳደር ጸሐፊ፣ የስንቱን ማመልከቻ እንደተቀበለ መዝገቡ ይቁጠረው። ባልደረባው ጡረታ ከወጣች ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤቱን ብቻውን ይዞታል። ከአመልካች ጋር የሚነጋገረው ሦስት ቃል ነው፦ «ኮፒ፣ ፎቶ፣ ፈርም።»

ባለፈው ወር የለጠፈውን ማስታወቂያ ግን ቆሞ ደጋግሞ አነበበው። የምርምር ጽሕፈት ቤት አስተባባሪ ይላል። በማታ ትምህርት ያገኘው ዲግሪ ልክክ ይልለታል። በምሳ ሰዓት እህቱ ጋ ደወለ።

«ደሞዙ ይጨምራል?» አለችው።

«አይጨምርም።»

«ታዲያ ምን ያለፋሃል፣ ወንድምዓለም?»

«እዚያ ክፍል ስድስት ወንበር አለ።»

 ከኋላዋ ልጆቿ ይንጫጫሉ። «በል ቶሎ አስገባ» አለችው እህቱ።

አንዲት ደንብ ግን አለች፤ የተየባትም ራሱ ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ራሱ ካመለከተ፣ ማመልከቻውን ሌላ ሠራተኛ ተቀብሎ ይፈርማል። ዘበኛም ቢሆን፣ ማንም ይሁን። ይኼም ነገር ሆኖ! እኔ ብሆን የመጀመሪያውን አላፊ አግዳሚ ክንዱን ይዤ አስፈርመው ነበር። እሱ ግን አንድ ሠራተኛ በራሱ ጊዜ ብቅ እስኪል ዐሥር ቀን ጠበቀ። የሚመጡት አመልካቾች ብቻ ናቸው። በኮሪደሩ ሠራተኛ ሲያልፍ ይነሣል፤ በሩ ጋ ሲደርስ «ምን ይሉኛል» ብሎ ይመለሳል። ሰው መጥራትም እንደ ቋንቋ ነው፣ ካልተናገሩት ይጠፋል።

በመጨረሻው ቀን፣ ለአሥራ አንድ ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ «አስረካቢ» የሚለውም «ተረካቢ» የሚለውም ላይ ራሱ ፈረመና ማኅተሙን መታበት።

ኮሚቴው በሳምንቱ ውድቅ አደረገው። «አንድ እንጨት አይነድ፣ አንድ ሰው አይፈርድ» ብሎ አንዱ ቀለደ አሉ። ላልተመረጡት ደብዳቤ የሚጽፈው ጋሽ ማኅተም ነውና ለራሱም ጻፈ፤ ራሱን አንቱ ብሎ፣ ስላመለከቱ እናመሰግናለን፣ ማመልከቻዎ ሌላ ተረካቢ ስላልፈረመበት ተቀባይነት አላገኘም፣ ብሎ።

ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ያየችው ወለል የምትወለውለው ሴት ናት።

«ውይ ጋሼ! ለፊርማ ሰው አጥተው ነው? እኔስ ሠራተኛ አይደለሁ? ማመልከቻው በሚዘጋበት ቀን እኮ እዚሁ በርዎ ላይ ስወለውል ነበር!»

«ሰምቼሻለሁ» አላት።

እውነቱን ነው። የባልዲዋን ድምፅ ሰምቶ፣ ብዕሩን እንደያዘ፣ እስክትርቅ ጠብቆ ነው የፈረመው።